ተለይቶ የቀረ አጥር

ንግሥቴ ተድራ ወደ ቡሬ ዳርቻ ስትመጣ የባሏ ቤት አጥር የሚባል ነገር አልነበረውም። ቤቱ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ገበያ በሚሄደው መንገድ አፋፍ ላይ ስለነበረ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላምታውን እየወረወረ ዓይኑን እስከ ምድጃዋ ድረስ ይሰድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜማ ጭራሽ መሸሸጊያ አልነበራትም። እህል ስታበጥር ትታያለች፤ ጠጉሯን ስትፈታ ትታያለች፤ ከባሏ ጋር ቃል ስትለዋወጥ ሰው ሰምቶ ያልፋል። ባሏ ታከለ በዚያው ቤት ተወልዶ ያደገ ነውና አይታወቀውም። "ሰው ቢያየን ምን ይወስድብናል?" ይላታል።

እሷ ግን አልለመደችውም። በመጀመሪያው ክረምት ዱርቤቴ ያሉ ወላጆቿን ጠይቃ ስትመለስ፣ ከአባቷ አጥር የቆረጠችውን ስሚዛ በእርጥብ ሣር ጠቅልላ በአህያ ጭና መጣች። ስሚዛ እንክብካቤ አያበዛም፤ ቆርጠው መሬት ውስጥ ከሸጎጡት ይበቅላል። በመንገዱ በኩል ጥቅጥቅ አድርጋ ተከለችው። ከብት እንዳይበላው ከፊቱ አጋም፣ በጓሮ በኩል ደግሞ ግራዋ አስከተለች። የወይራውን ካስማ ታከለ ተከለላት፤ ማገሩን በሐረግ ያሰረችው እሷ ናት። ልጆቿ ሲያድጉ አጥሩም አብሮ አደገና በበቅሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ አሻግሮ የማያይበት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ንግሥቴ ግቢዋ ውስጥ ጠጉሯን ፈትታ ትቀመጣለች፤ ትታጠባለች፤ ሲከፋትም ማንም ሳያያት ታለቅሳለች። የሠፈሩ ሴቶች አይተው ሲመኙ እየቆረጠች ሰጠቻቸው። ጎረቤቷ ዓባይነሽ አዲስ ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ የመጀመሪያውን ስሚዛ በደጇ የተከለችላት ንግሥቴ ራሷ ነበረች። በዚያ መንገድ ዳር ያለ አጥር ሁሉ ከእሷ አጥር ተገንጥሎ የወጣ ነበር ማለት ይቻላል።

በኋላ ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራ። መንገዱንም አሰፋና መኪና ያስኬድበት ጀመር። ታከለ ከዚያ በፊትም ጭቃ ሹም ነበር፤ ጣሊያንም በዚያው ሹመቱ አጸናው። ልቡ ከማን ጋር እንደነበር እሱ ራሱም ለይቶ የሚያውቀው አይመስልም። ለጣሊያን ግብር ይሰበስባል፤ ከአርበኞቹ ሰው ሲላክበትም እህል ሰፍሮ ይሰጣል። ሁለቱንም ሲያደርግ ፊቱ ያው ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አርበኞች ከአንድ ገበሬ አጥር ሥር አድፍጠው የጭነት መኪና መቱ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ወጣ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ አጥር ሁሉ ከጉልበት በታች ተደርጎ ይቆረጥ ተባለ። ታከለ ይህን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ነጠላውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

"የእኛም ነው?" አለች ንግሥቴ።

"ከመንገድ ዳር ያለ ሁሉ ነው የተባለው።"

"እርስዎ ሹማቸው አይደሉም እንዴ?"

"ሹም ስለሆንኩማ ከራሴ ልጀምር ነው።"

ንግሥቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። "እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ይኼን ያድርጉልኝ ብዬ የለመንኩዎት ነገር አለ?"

ታከለ አሰበ። "የለም" አለ።

"እንግዲያው ይኼን ልለምንዎ። ሌላው እንደ ትእዛዙ ይሁን። የእኔን ግን ያትርፉልኝ።"

"ሌላው እንደ ትእዛዙ ይሁን" ያለችው ቃል ከአፏ ሲወጣ ክብደቱ አልተሰማትም። ታከለ ግን ቀና ብሎ አያት። በማግስቱ ወደ ምሽጉ ወጣና ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አዛዡን በአስተርጓሚ አነጋግሮት ነበር። የጦሩ የጭነት በቅሎዎች ቀን ቀን የሚውሉበት ጥላና ከለላ የላቸውም፤ የታከለ ግቢ ደግሞ ሰፊና የታጠረ ነው። በቅሎዎቹ እዚያ ይዋሉ፤ አጥሩም ለእነሱ ሲባል ይቅር ተብሏል።

"ሲመሽ ወደ ምሽጋቸው ይመልሷቸዋል" አለ ታከለ። "የሚጠብቃቸው አስካሪ፣ ያው ከኤርትራ ያመጡት ወታደር፣ አብሯቸው ይውላል።"

ከዚህ ሁሉ ንግሥቴ የሰማችው አጥሩ አለመቆረጡን ብቻ ነበር።

ቆረጣው በሳምንቱ ተጀመረ። ታከለ አስካሪዎች አስከትሎ ከቤት ቤት ዞረ። ወንድ ያለበት ቤት አባወራው ራሱ ይቆርጣል፤ ሌላ ቤት ታከለ ያስቆርጣል። ንግሥቴ ግቢዋ ተቀምጣ የመጥረቢያውን ድምፅ ትሰማለች። እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ ዓባይነሽ ደጅ ላይ ሲደርስ ተነሥታ ቤት ገባች። የዓባይነሽ ባል ላቀው ለንግድ ቆላ ወርዷል ይባል ነበር። ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከጠመንጃው ጋር ነው የወረደው። ዓባይነሽ የወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ገና አራስ ነበረች።

ቆረጣው ካበቃ በኋላ ዓባይነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ንግሥቴ መጣች። በዕድሜ ከንግሥቴ ታናሽ ስለሆነች "እታለም" ነበር የምትላት።

"እታለም፣ ልጁን ፀሐይ ላሙቀው ብዬ ብወጣ መኪናው ያልፋል፣ ወታደሩ ያልፋል። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አርባው እንኳ አልወጣም፤ የሰው ዓይን ፈራሁለት። ከግቢሽ አንድ ጥግ ብትሰጭኝ?"

"ይኼም ይጠየቃል? ነገ ጠዋት ይዘሽው ነይ" አለች ንግሥቴ። ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። አጥሩ ለአንድ ሰው እንኳ ከጠቀመ፣ ያተረፈችው ለራሷ ብቻ አልሆነም።

በማግስቱ ግን ከዓባይነሽ በፊት በቅሎዎቹ ደረሱ። እየተጋፉ በበሩ ገብተው ጌሾው ሥር ቆሙ። ከኋላቸው ገብረ ሕይወት የሚባል ጠጉሩ የሸበተ አስካሪ ገባ። ቆቡን አውልቆ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጣት፤ አማርኛው ወደ ትግርኛ ያደላል። የቱ ጋ እንደሚያስር ጠየቃት። እሷ ገና በእጇ እያሳየችው ሳለ በሩ ላይ "ቤቶች" የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች።

ንግሥቴ ሮጣ በሩን በገላዋ ዘጋችው። ዓባይነሽ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። በቅሎዎቹ እንዳይታዩ ንግሥቴ አጎንብሳ መዝጊያውን ወደ ራሷ ሳበች።

"ዛሬ አይመቸኝም ዓባይነሽ" አለች።

በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ውስጥ የወንድ ሳል ተሰማ። የታከለ ሳል አልነበረም፤ ታከለን ዓባይነሽ ገና አሁን በመንገዱ ሲወጣ አግኝታዋለች። ዓባይነሽ ዓይኗን ወደ ንግሥቴ እግር ጣለች።

"እሺ እታለም። ይቅርታ አድርጊልኝ" ብላ ልጇን እንደታቀፈች ተመለሰች።

ንግሥቴ ለራሷ ምክንያት ፈለገችለት። የአርበኛ ሚስት ናት፤ አስካሪ ባለበት ግቢ ማስገባት ለእሷው አደጋ ነው አለች። እውነትነትም ነበረው። ነገር ግን ይህን ለዓባይነሽ በጆሮዋ ልትነግራት ትችል ነበር። ያልነገረቻት አጥሩ በምን እንደተረፈ እንዳይታወቅባት ነው፤ ይህንንም ታውቀዋለች። ውላ አድራ እንኳ ሄዳ አልነገረቻትም። ነገ እነግራታለሁ እያለች ጥቅምት አለፈ።

ገብረ ሕይወት ክፉ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ብታቀርብለት "ጾም ነኝ" ብሎ መለሰላት። ውኃ እንኳ ሲፈልግ ከደጅ ሆኖ ነበር የሚጠይቃት፤ ከቤቷ ደፍ አልፎም አያውቅም። በቅሎዎቹ የተከለችውን ጎመን ሲረጋግጡት እሱ ነበር የሚያፍረው፤ በእግሩ አፈሩን ለመመለስ ይሞክራል። እሷም ታፍራለች። ሊጠላ የሚገባው ሰው እንዲህ ሲሆን የምትጠላው ራሷን ሆነና ዐረፈው። ጠጉሯን መፍታት ተወች። መታጠቢያዋን ጎተራው ኋላ፣ ከዚያም ቤት ውስጥ አደረገችው። አጥሩ ከመንገደኛው ዓይን እንደጋረዳት ነው፤ እሷ ግን በገዛ ግቢዋ ተከናንባ ትውል ጀመር።

ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ወዲያው ስለ ውኃው መጉደል፣ ስለ ጤፉ መድረስ ያነሣሉ። እንስራዋን ሞልታ ስታዞር ያቋረጡትን ሲቀጥሉ ትሰማለች፤ ቃሉን ግን አትለየውም። የደብሩ ሴቶች በየወሩ ማርያም የሚዘክሩት ማኅበር ነበራቸውና፣ የኅዳር ተራ የንግሥቴ ስለነበር ጽዋው ቤቷ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ ብላ ተስፋ አደረገች። ያን ቀን ገብረ ሕይወት በቅሎዎቹን ወደ ወንዝ ወስዶ እንዲያውልላት ለመነችው፤ እሺ ብሎ ወሰዳቸው። ግቢውን ጠረገች፤ ጠላውን ቀዳች፤ ዳቦውን በሌማት አድርጋ ጠበቀች።

ፀሐይ ከራስ ላይ ዘንበል ስትል የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ዮሐንስ ብቻቸውን ገቡ። መስቀሉን አሳልመዋት ተቀመጡ። ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፤ ቆርሰው ቀመሱ። ንግሥቴ በሩን በሩን ታያለች።

"አይመጡም ልጄ" አሉ አባ። "ጽዋውን ተቀብዬ ለቀጣይዋ ተረኛ ለእህተ ማርያም እንዳደርስላት ልከውኛል።"

ንግሥቴ ጠላ የቀዳችበትን ዋንጫ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አባ ወደ ውጭ ተመለከቱ። "አጥርሽ ያማረ ነው። ክፋቱ፣ ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው የፈለገውን ያይበታል።"

"ምን አዩበት አባ?"

"በበቅሎ ሰበብ ወንድ ይገባል፤ ሲመሽ ይወጣል። ባልየው ቀን ቀን ከቤት አይገኝም። ሴትዮዋ አራስ ጎረቤቷን ከደጅ መለሰች። ከዚህ የቀረውን እነሱ ይሞሉታል።"

ንግሥቴ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠች። "አባ፣ እርስዎም አመኑ?"

"እኔ ስትናዘዢ እሰማሻለሁ፤ አውቅሻለሁ። እነሱ ግን የሚያውቁሽ በዓይናቸው ነው። ዓይናቸውን ደግሞ ከለከልሻቸው፤ የራሳቸው ደጅ ተገልጦ ሲቀር።"

ተነሥተው ጽዋውን ጠቅልለው ሄዱ። በሌማቱ ላይ የተደረደረው ዳቦ እንዳለ ቀረ። ንግሥቴ በተወራባት ልትናደድ ፈለገች፤ አልሆነላትም። የተወራው ውሸት ነው። ማንም ያላወራው ግን "ሌላው እንደ ትእዛዙ ይሁን" ያለችው ቃል ነበር፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው። ስለ ውሸቱ ልትምል ትችላለች፤ ስለ እውነቱ ምን እንደምትል አጣችው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ታከለ ምሽጉ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ንግሥቴ የታከለን መጥረቢያና የራሷን ማጭድ ይዛ በበሩ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ሰው እያያት፣ አጥሩን ከጫፍ ጀምራ ትቆርጥ ጀመር። አጋሙ እጇን ቦጫጨራት። ስሚዛው ለስላሳ ነው፤ በአንድ ምት ይወድቃል። ካስማዎቹ ግን የወይራ ናቸው፤ ሦስት አራቱን ቆርጣ ሲያቅታት እየወዘወዘች ከሥራቸው ነቀለቻቸው።

ገብረ ሕይወት የበቅሎዎቹን ውኃ ጥሎ መጣ። አጥሩ ከተከፈተበት ወዲህና ወዲያ ተያዩ።

"እመቤት፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"የታዘዘውን።"

"አዛዡ እኮ የታጠረ ቦታ ብሎ ነው የሰጠኝ።"

"እንግዲህ የታጠረ አይደለም።"

መንገዱን አየ፤ ሰዉ ቆሟል። "ለባልዎ አስበዋል?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ንግሥቴ መጥረቢያውን እንዳነሣች ቆመች። አላሰበችም ነበር። ከዚያ መልሳ ቆረጠች። ገብረ ሕይወት በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ እየሳበ በኮረብታው ወጣ።

ማንም አልረዳት፤ ማንም አልከለከላት። ዓባይነሽ ልጇን አዝላ ከተጎመደው አጥሯ ኋላ ቆማ ታያለች። ሲያልቅ ግቢው ወለል ብሎ ታየ። የተረጋገጠ የጎመን መደብ፣ ቅርፊቱ የተጋጠ ጌሾ፣ የበቅሎ ፋንድያ ክምር፣ የውኃ ገንዳ። የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። ጨው ተሸክማ የቆመች አሮጊት "ይኼንን ነው እንዴ የሸፈኑት" ብላ መንገዷን ቀጠለች፤ ገበያተኛውም ተከትሏት ተበተነ። ንግሥቴ አጥሩን ስትቆርጥ የሚቀልላት መስሏት ነበር። ሁሉም አይቷት ሲሄድ ግን ልብሷን የተገፈፈች ያህል ተሰማት፤ ዕራቁቷን መሆኗን ደግሞ እሷው ራሷ ናት የፈለገችው።

ታከለ አልተመለሰም። ወሬው እሱ ከምሽጉ ሳይወጣ ለአዛዡ ደርሶ ኖሮ እዚያው አስቀሩት። ሹመቱን ገፈው ለሌላ ሰጡት፤ እሱን ደግሞ በጋውን ሙሉ ድንጋይ እየፈለጠ መንገድ እንዲሠራ ፈረዱበት። የሚሠራው ከገዛ ደጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። ንግሥቴ እኩለ ቀን ላይ ስንቁን በአገልግል ይዛለት ትሄዳለች። ሌሎቹ እስረኞች ሚስቶቻቸውን ያጫውታሉ፤ ታከለ አቀርቅሮ ይበላል።

አንድ ቀን ግን አገልግሉን ሲመልስላት አወራ። "ለምነሽኝ ሄድኩ" አለ። "ጎረቤቶቼን ሁሉ በአንድ አጥር አስቀየምኩ። ስትቆርጪው ግን አልነገርሽኝም። ብትነግሪኝ አብሬሽ እቆርጠው ነበር።"

ንግሥቴ አገልግሉን ተቀብላ ክዳኑን ገጠመች። የሠፈሩን ስታስብ እሱን ረስታዋለች። መላልሳ ብታስበውም፣ ይህን ሳትነግረው የቀረችበትን ምክንያት አላገኘችውም። ምናልባት በሰው ፊት ብቻዋን ልትታይ ፈልጋ ይሆናል።

ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ዓባይነሽ ደጅ ሄደች። ዓባይነሽ እህል ትለቅማለች፤ ልጁ አጠገቧ ተኝቷል። ንግሥቴ ቆማ፣ ያን ጠዋት በበሩ ያላስገባቻት ለምን እንደሆነ፣ አጥሩም በማን ልመና እንደተረፈ ነገረቻት። አላሳመረችውም።

ዓባይነሽ እጇን እህሉ ላይ እንዳደረገች አዳመጠቻት። "ሳሉን ሰምቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ለማንም አልተናገርኩም። ሲያወሩብሽ ግን አጠገባቸው ነበርኩ፤ ንግሥቴ እንዲህ አታደርግም ማለት እችል ነበር። ከፍቶኝ ስለነበር ዝም አልኩ።"

"ሊከፋሽ ይገባል።"

"አዎ" አለች ዓባይነሽ። ከዚያ ሰፌዱን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት። ንግሥቴ ተቀመጠችና አብራት ለቀመች። የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሣ በፊታቸው አለፈ፤ ላዩ ላይ ያሉት ወታደሮች አይተዋቸው አለፉ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

ታከለ በክረምቱ መግቢያ ተፈታ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ የወጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ላቀው በሕይወት ተመለሰ፤ የመንደሩም አጥር ከጉቶው አቆጥቁጦ ከፍ ከፍ አለ። የማርያም ማኅበር ተራ እንደገና ንግሥቴ ቤት ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉ መጡ። በሉ፣ ጠጡ፤ ያለፈውን ማንም አላነሣም። ንግሥቴ ጠላ ስትቀዳላቸው ከዋንጫቸው በላይ ዓይኗን ማንሣት አቃታት፤ የዓባይነሽን ስትቀዳ እንኳ።

በዚያ ሰሞን ታከለ አዲስ የወይራ ካስማ አምጥቶ ደጁ ላይ ዘረገፈ። "ልጃገረድ አድርሰናል፤ ይታጠር" አላት። አብረው አጠሩት፤ ጉድጓዱን እሱ ቆፈረ፣ ሐረጉን እሷ አሰረች። ሲጨርሱ "ስሚዛውን መቼም ከጉልበት በታች አትቆርጪውም አሁን" አለ ፈገግ ብሎ፤ ከታሰረ ወዲህ ሲቀልድባት የመጀመሪያው ነበር።

"ነግሬዎት ነው የምቆርጠው" አለችው፤ እሱም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።